ስሜን በኩባያው ላይ የጻፍኩ ቀን

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው። ማዕረጌ ጁኒየር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ይባል ነበር። የተሰጠኝ ነጭ ጋወን ስለሰፋኝ እጅጌውን ሁለቴ አጥፌ ለበስኩት። አለቃዬ አቶ ታደለ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሴንትሪፊውጅ፣ የስላይድ ሳጥንና ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ አሳዩኝና፣ «ሽንት፣ ሰገራና የወባ ደም ያንተ ነው፤ የቀረውን ቀስ ብለን እናያለን» አሉኝ።

ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት በነጠላዋ ሥር የሸሸገችውን የሽንት ኩባያ በመስኮቱ አሾለከችልኝ። የጥያቄ ወረቀቱ የእርግዝና ምርመራ ይላል። የመመርመሪያውን ቀጭን ወረቀት፣ ስትሪፑን፣ ነክሬ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ስሟን ጠራሁና «እርግዝና የለም!» አልኩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሰማኝ። ለካ አጠገቧ ያሉት ሴት አማቷ ኖረዋል። ከንፈራቸውን መጠጡና «አላልኩሽም?» አሏት። ልጅቱ ወረቀቷን እንኳ ሳትወስድ ወጣች።

አቶ ታደለ መጥተው መስኮቱን ዘጉት። «ውጤት በመስኮት አይጮህም፤ ተጽፎ፣ ታጥፎ ይሰጣል» አሉኝ። «ያቺ ልጅ ከተዳረች ሰባት ዓመቷ ነው። ዛሬ ቤቷ ገብታ የምትሰደበው ባንተ ድምፅ ነው፤ እወቀው።» ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ልጅቱን ከዚያ ወዲያ በእኛ መስኮት አላየኋትም፤ ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር።

ሥራውን ግን ለመድኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ የወባ ተውሳክን ከቀለም እድፍ በአንድ እይታ የምለይ ሆንኩ። ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ በእኛ ዘንድ ዶክተር ነውና የገጠር ሰው «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ቅዳሜና እሑድ እየተማርኩ ዲግሪ ያዝኩ። ትዕቢቴም ከዲግሪው ጋር አብሮ አደገ፤ ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ሁሉን ያየ ይመስለዋል።

በዚህ መሃል ውባለምን አገባሁ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከገበያው መግቢያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ልብስና የክርስትና ልብስ ትሰፋለች። ሳቂታ ናት፤ ስትስቅ የስፌት መኪናዋን መርገጫ ትታ ነው የምትስቀው። የመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ በደስታ አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ሰው መጠየቅ ጀመረ።

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ በክፋት አይጠየቅም። ሰላምታ ነው። ደኅና አደራችሁ፣ ከብቱ ደኅና ነው፣ እህሉስ፣ ከዚያ «ምነው ዝም አላችሁ?» ይከተላል። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ባልቴቶቹ «ማኅፀንሽን ይፍታልሽ» ብለው ይመርቋታል። አሜን ትላለች። በቀን አምስት ጊዜ አሜን ማለት ምን ያህል እንደሚያደክም ያወቅሁት እሷን አይቼ ነው።

እኔም በበኩሌ ልረዳት ፈለግሁ፤ በማውቀው መንገድ። ከመድኃኒት ቤት ስትሪፕ በካርቶን ገዝቼ ቤት አስገባሁ። የወር አበባዋ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው እመረምራታለሁ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሁለት ቀን ሲቀረው። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት የቀን መቁጠሪያ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተዥጎረጎረ። ጠዋት ዐይኗን ስትገልጥ «ኩባያው እዚያ ነው» እላት ነበር። እንደምን አደርሽ ማለትን ትቼ!

እንቅልፏ ጠፋ። እኔም በእንቅልፌ ጥርሴን ማፋጨት ጀመርኩ። በወጥ ጨው እንጣላለን፣ በበር አዘጋግ እንጣላለን። «ተዋደው ነበር እኮ እነዚህ» የሚል ሰው ቢመጣ አላምነውም ነበር።

ወደ ሐኪም ሄድን። ደሟ ታየ፣ አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ሁሉም ደኅና ነው ተባለ። ሐኪሙ ሌላ የጥያቄ ወረቀት ጻፈና ለእኔ ሰጠኝ፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ውባለም «መቼ ትሰጣለህ?» ስትለኝ፣ «እኔ ደኅና ነኝ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እኮ ነኝ፣ አውቀዋለሁ» አልኳት። ምን አውቅ ነበር? ምንም። እንዳልደፍር ያደረገኝ ፍርሃት ነው። ወረቀቱ ከሱሪዬ ጋር ታጥቦ ተበጣጠሰ።

እሷ ግን ወደ ጠበል ሄደች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም አብሬያት ተጠምቄያለሁ። የሚያሳፍረኝ እሷ ሱባኤ ገብታ ስትጾም፣ እኔ በቀን ሃያ የሰው ናሙና እያየሁ የራሴን መደበቄ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሴት ብቻ የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የሠራሁትን ስሕተት የሙያው ሰዎች ሲሰሙ ይስቁብኛል። ስትሪፕ ጊዜ አለው። በአምስት ደቂቃ ታነበዋለህ፣ ከዚያ ትጥለዋለህ። ደርቆ ሲያድር ሐሰተኛ ጥላ ሊያወጣ ይችላል፤ እርግዝና ሳይኖር ሁለተኛ መስመር ያለ ይመስላል። ይህን ለስንት ተለማማጅ አስተምሬያለሁ። አንድ ጠዋት የውባለምን ስትሪፕ አየሁት፣ አንድ መስመር ነው፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ትቼው ሥራ ገባሁ። ለምሳ ስመለስ አነሣሁት። ብርሃን ላይ አዘነበልኩት። ሁለተኛ መስመር አየሁ፤ ቀጭን፣ ጥላ የመሰለ። መምህሩ እኔ፣ ሕጉን የጣስኩት እኔ።

ለውባለም ነገርኳት፤ መቀስ ከእጇ ወደቀ። እሷ «ቆይ፣ ነገ ደግሞ እንየው» ብትለኝም እኔ አልጠበቅሁም። በባጃጅ በርሬ እናቴ ቤት ሄድኩና ነገርኳት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። እናቴ በዚያው ሳምንት ለገንፎ የሚሆን ገብስ አስለቀመች። ገንፎ በእኛ ዘንድ የሚታሰበው መውለጃ ሲቃረብ ነው፤ እሷ ግን ሦስት ዓመት ጠብቃለች፣ ማን ይከልክላት? ጎረቤት ተጠርቶ ገብሱ ተለቀመ፣ ተወቀጠ። ወሬው ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ።

በስድስተኛው ቀን ውባለም ደም አየች። ጸንሳ አስወርዷት አልነበረም፤ መጀመሪያም ምንም አልነበረም። እናቴ ገብሱን ይዛ መጣችና ነገሩን ስትሰማ፣ «የያዘውን የማያጸና ሆድ!» አለች፤ ውባለም እየሰማች። «ስትሪፑን ያላግባብ ያነበብኩት እኔ ነኝ» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አልወጣኝም።

በማግስቱ ኩባያውን ልሰጣት እጄን ስዘረጋ ከእጄ ተቀብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ሚስትህ ነኝ ወይስ ናሙና?» አለችኝ። አልጮኸችም። ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች፤ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ ትታት።

ሁለት ወር ብቻዬን ኖርኩ። በዚያው ሰሞን ሞጣ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ክፍት ቦታ ወጣና ተወዳድሬ አለፍኩ። ደስ አላለኝም። የአማቴን ደጅ ጠናሁ፤ ቄስ ናቸው፣ ነገር አያበዙም። «ልጄ ከመጣች ትምጣ፣ ካልመጣች ግን ሽማግሌ አትላክብኝ» አሉ። ውባለም ወጥታ አየችኝ። «ሞጣ እመጣለሁ» አለች፤ «አንድ ዓመት። እንደ ቢቸናው ከሆነ ግን ከሞጣ የሚመለሰውን አውቶቡስ ራሴ አውቀዋለሁ።» ትዳሬ የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጠው። ልጅ ብቻ ሳይሆን እሷንም ላጣ እንደምችል የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሞጣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ወይዘሮ የሻሽ ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ የሻሽ እንላቸዋለን። በሙያው ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በላዩ የሚያዩ ሴት ናቸው። ገና በገባሁ ቀን ከማይክሮስኮፖቹ በላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። «የራስህንና የቤተሰብህን ናሙና አትንካ» ይላል። «ለምን እንደተለጠፈ ልንገርህ?» አሉኝ። «ዐይን የሚወደውን ያያል። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ሰው መሆን ነው። ስለዚህ የኛን ሌላ ሰው ያየዋል።»

እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የቢቸናውን ታሪክ ለሰው ተናገርኩ፤ ስለ ስትሪፑም፣ ስለ ገብሱም። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «ያንተስ ናሙና?» አሉኝ ብቻ። ዞሬ ስላይድ ማጠብ ጀመርኩ። ስላይዶቹ ንጹሕ ነበሩ።

ጭንቀት ልጅ ይከለክላል ወይ ብዬም ጠየቅኳቸው። «አንዳንዱ ይከለክላል ይላል፣ አንዳንዱ አይከለክልም ይላል፤ እኔ ቁርጡን አላውቅም» አሉኝ። «የማውቀው ቤት እንደሚያፈርስ ነው። ሃያ ዓመት በዚህ መስኮት ያየሁት እሱን ነው። ሴቶቹን ‹አትጨነቂ› እያሉ ይሰዷቸዋል፤ አትጨነቂ ማለት ደግሞ ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው። ከሚያስጨንቋት ነገሮች አንዱን ውሰዱላት፣ ያኔ ይቀላታል።»

ነገሩን የቆረጠው ግን አንድ ገበሬ ነው። አያ ስማቸው ይባላሉ፤ ከሚስታቸው ጋር የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ተጉዘው መጥተዋል። ወረቀቱን በመስኮቱ ሲሰጡኝ የሚስታቸው ምርመራ መስሎኝ ኩባያ ላቀብላት እጄን ዘረጋሁ። «እሷን ተዋት፣ ደክማለች» አሉኝ። «ስድስት ዓመት ማሳውን ስናስመረምር ከረምን። ዘሩንም እይልኝ እንጂ!»

አግዳሚው ሳቀ። ሚስታቸው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እሷም ትስቃለች። እኔ ደንግጬ «አያ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፣ ሰው ይሰማል» አልኳቸው።

«ምን ሰርቄያለሁ?» አሉ አያ ስማቸው።

ናሙናውን ተቀብዬ በመቁጠሪያው ስላይድ ላይ አየሁት። ውጤቱን አልናገርም፤ የእሳቸው ነው። ወረቀቱን አጥፌ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ለሚስታቸው ሰጧት፣ እሷም ጡቷ ሥር ሸጎጠችው፤ ተያይዘው ሄዱ። ከኋላቸው እያየሁ ቀናሁባቸው። ይህ ሰው ማይክሮስኮፕ አይቶ አያውቅም። የኔ ዲግሪ ያልሰጠኝን ወንድነት ግን ይዟል።

ምርመራው ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ከሚስት ተለይቶ መቆየት ይፈልጋል። ሦስት ቀን ቆጠርኩ። ሐሙስ ጠዋት ለባሎች የምትሰጠው የጓሮ ክፍል ገባሁ፤ ከውስጥ ቆልፈው ናሙናቸውን የሚያዘጋጁባት ክፍል። ስንቱን «አይዞህ፣ ተራ ነገር ነው» ብዬ አስገብቼዋለሁ። ተራ ነገር አይደለም። ስወጣ እስክሪብቶ አወጣሁና በኩባያው ላይ «ደሳለኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

በሠራተኛ በር ገብቼ ለእትዬ የሻሽ ልሰጥ ስል መለያውን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «የደንበኛ መስኮት በዚያ በኩል ነው» አሉኝ። ዞሬ ወጣሁ። ከአንዲት ነፍሰ ጡርና ከሚያስል ሽማግሌ ኋላ ተሰለፍኩ። ኩባያዬን በመስኮቱ አሾለኩና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው «አንተ እዚህ ሠራተኛ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። «ዛሬ በሽተኛ ነኝ» አልኳቸው። «እግዜር ይማርህ» አሉኝ። ያቺ አግዳሚ እንዲህ ጠንካራ መሆኗን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።

ወረቀቱ ታጥፎ ተሰጠኝ። ቁጥሩ ከሚጠበቀው በጣም ዝቅ ያለ፣ የሚንቀሳቀሱትም ጥቂት ነበሩ። አንድ ውጤት አይበቃምና ከሳምንታት በኋላ ተደገመ፤ ያው ሆነ። መጀመሪያ እፍረት ተሰማኝ። እፍረቱ ወዲያው አለፈና ሌላ መጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ውባለም የተሰደበችው፣ የተመረቀችው፣ ሱባኤ የገባችው፣ በእኔ ፈንታ ነበር። ከላቦራቶሪው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። እትዬ የሻሽ መጥተው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፤ አንተ እንኳን ገለጥከው» አሉኝና የመስኮቱን ሥራ ራሳቸው ያዙልኝ።

በዚያው ከሰዓት ወደ ውባለም ሄድኩ። ሞጣም አንዲት ክፍል ተከራይታ መስፋት ጀምራ ነበር። ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁ። «ጉድለቱ ከእኔ ነው። ቢቸና እያለን የተጻፈልኝን ወረቀት የጣልኩት ፈርቼ ነው። ያ መስመርም እኔ ያላግባብ ያነበብኩት ነው» አልኳት። እግሯን ከመርገጫው አነሣች። «እናትህ ያን ቃል ሲናገሩ ይህን ታውቅ ነበር?» አለችኝ። «ስለ መስመሩ አውቅ ነበር። ስለ ራሴ እንዳላውቅ ሸሽቻለሁ።» መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በአራተኛው ቀን ምሳ አቀረበችና ተናገረች። «መጀመሪያ ለእናትህ አንተ ትነግራለህ። ከእኔ አፍ አይሰሙትም። ሁለተኛ፣ ከቢቸና ይዘኸው የመጣኸው የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው ይውረድ። ሦስተኛ፣ ካልጠየቅሁህ አትመረምረኝም፤ ስጠይቅም የሚመረምረኝ አንተ አይደለህም። ሰው ሲጠይቅ ደግሞ ‹ሲሆን እንነግራችኋለን› እንላለን፤ ሌላ ቃል አንጨምርም። አሜንም እንደ ፈቃዴ ነው።» እሺ አልኩ። የቀን መቁጠሪያውን ስቀድ ድምፁ ደስ አለኝ።

ቢቸና ወርጄ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ በሩን ዘጋችና «ለሰው እንዳትናገር» አለችኝ። «እማዬ፣ በእሷ ላይ ሲሆን አደባባይ የተነገረው በእኔ ላይ ሲሆን ለምን ይደበቃል?» አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ ሞጣ መጣች። ወደ እኔ አልመጣችም፤ ቀጥታ ወደ ውባለም የስፌት ክፍል ገባች። ውባለም እንደነገረችኝ፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ቀሚስ ስፊልኝ ብዬ ነው» አለች። «ልኬን ውሰጂ።» ውባለም ሜትሩን አውጥታ ትከሻዋን ስትለካ እናቴ «ያን ቃል ያወጣ አፌን እግዜር ይቅር ይበለው፤ አንቺም ይቅር በዪኝ» አለች። ሁለቱም ተላቀሱ። ቀሚሱ አማረ፤ እስካሁን ለበዓል ትለብሰዋለች።

ሞጣ ያየኝ ሐኪም የዘር ፍሬዬ አካባቢ ያበጡ የደም ሥሮች አገኘ። ባሕር ዳር ሄጄ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። «ለውጡን ለማየት ሦስት ወር፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ለሁሉም ሰው ይሠራል ብዬ ግን ቃል አልገባም» አለኝ ቀዶውን ያደረገልኝ ሐኪም። አረቄ አቆምኩ፤ ይህን የመከረኝ እሱ ነው። ከወራት በኋላ እትዬ የሻሽ ናሙናዬን ሲያዩ ቁጥሩ አድጎ ነበር። «በርታ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ።

ጭንቀቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ውባለም የክርስትና ልብስ ሰፍታ ስትጨርስ ዝም የምትልባቸው ቀናት ነበሩ። ያኔ አልመክራትም፤ ልብሱን ተቀብዬ ለባለቤቱ እኔ አደርሳለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን በእግር እንሄዳለን፤ በመንገዱ ላይ ስለ ልጅ አይወራም። ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ መሥሪያ ቤት ሐሜት እናወራለን። አንድ እሑድ ሳቀች፤ እንደ ድሮው፣ ቆማ። የሰጠችኝ ዓመት ማለቁን ያስተዋልነው ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለ አውቶቡሱ አላነሣችም፣ እኔም አላስታወስኳት። ልጅ ባይመጣም ሚስቴ መመለሷን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ለእኔ የመጀመሪያው ድል እሱ ነው።

መስከረም ደረሰ። ተማሪ ቤት ሊከፈት ስለሆነ ውባለም በዩኒፎርም ሥራ ተጠምዳ ራሷን ረስታለች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን እኔ የወባ ስላይድ እያየሁ ሳለ ድምፅዋን በመስኮቱ ሰማሁ። የጥያቄ ወረቀት ይዛለች፤ ትከሻዋ ላይ ሰማያዊ ክር ተንጠልጥሏል። ወደ እኔ አላየችም። «እትዬ የሻሽ፣ እርስዎን ነው የፈለግሁት» አለች።

በእኛ አገር ሴቶች የወር አበባቸውን ቀን የሚይዙት በቅዱሳን በዓል ነው። መቼ አየሽ ስትላት «በሚካኤል» ወይም «የማርያም ማግስት» ትልሃለች። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ሠላሳ ቀን ነውና ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገር ግን ይስታል፤ መሃል ላይ ጳጉሜን አለች፣ ጳጉሜን ደግሞ ሚካኤል የላትም።

«ስንት ቀን አለፈሽ?» አሉ እትዬ የሻሽ።

«ስድስት።»

«ከየት ቆጥረሽ?»

«በነሐሴ ሚካኤል አየሁ። በመስከረም ሚካኤል መምጣት ነበረበት። ዛሬ አሥራ ስምንት ነው።»

እትዬ የሻሽ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ጳጉሜንን የት ጣልሻት?»

ውባለም በጣቷ ቆጠረች። እኔም ከማይክሮስኮፑ ሳልነሣ ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ» አለች ቀስ ብላ። እትዬ የሻሽ ዞረው «አንተ፣ ውጣ ከዚህ» አሉኝ። ወጣሁ። አምስት ደቂቃ እንደዚያን ቀን ረዝሞ አያውቅም። ከግቢው ግንብ ጋር ተደግፌ የአንድ ጫማዬን ክር ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ።

ውባለም የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። «አንብበው» አለችኝ። «አንቺ አንብቢው፣ ያንቺ ነው» አልኳት። ገለጠችው። አነበበች። ወረቀቱን ግንባሬ ላይ ለጠፈችና መኪናዋን ትታ እንደምትስቀው ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ። ወንድ ልጅ እልል አይልም፤ እኔ አልኩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ነገሩን ሳያውቁ በእልልታ ተቀበሉኝ። እትዬ የሻሽ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ይህ ጤና ተቋም ነው!» አሉ፤ መነጽራቸውን ግን በጋወናቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ሴት ልጃችን በግንቦት አጋማሽ ተወለደች። ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ነበራት። የመጀመሪያ ልብሷን እናቷ ሰፋችላት፤ ስፌቱ ላይ እንከን ፈልጌ አጣሁ።

አሁን የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። የሚያፍሩ ባሎች ሲመጡ በር ዘግቼ የራሴን የመጀመሪያ ቁጥር እነግራቸዋለሁ። አብዛኞቹ ኩባያውን ይቀበሉኛል። ሁሉም ልጅ አያገኙም፤ አንዳንዶቹ ሕክምናው አይሠራላቸውም፣ ያንንም እነግራቸዋለሁ። ተያይዘው መጥተው ተያይዘው የሚሄዱት ግን ይለያሉ።

ለአዳዲስ ባለሙያዎች የምለው አጭር ነው። ስትሪፑን በሰዓቱ አንብቡና ጣሉት። የቤተሰባችሁን ናሙና አትንኩ። ሴት ብቻዋን ለመካንነት ምርመራ ስትመጣ ባሏ የት እንዳለ ጠይቁ። ባልየው እናንተ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። እኔ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ።